ሽመላዎች ክንፋቸውን የሰበሰቡ ጊዜ

«ሰሚ አለ?»

«አለ!»

«የሚቆጣስ አለ?»

«እንደ ነገሩ!»

እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ። ነገሩ የሚያስቆጣ ነው፤ እኔ ስናገረው ዛሬም ጥርሴን ያፋጨኛል።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ ሲግባቡ፣ ዕቃም አፍ አውጥቶ ሲናገር፣ ነፋስም ሲጠሩት መጥቶ ሲመሰክር፣ በአንድ ትልቅ ገደል ወዲህና ወዲያ ሁለት አገሮች ነበሩ። ወዲህ ያለው ደጋ ነው፤ እህል ሞልቶታል፣ ጨው ግን የለውም። ወዲያ ያለው ቆላ ነው፤ ጨው ሞልቶታል፣ እህል ግን የለውም። ገደሉ ደግሞ እግር ያለው ፍጡር ወርዶ የማይወጣው ገደል ነበር። በቅሎ ሞከረች፣ አልቻለችም። ሚዳቋ ሞከረች፣ አልቻለችም። ጉሬዛ እንኳ ሞከረ፤ ከመንገድ ተመለሰ።

በደጋው በኩል፣ በገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ዝንጀሮ ይኖር ነበር። ስሙ ገመሬ ይባላል። ጎፈሩ ትከሻውን አልፎ እስከ ወገቡ የወረደ፣ ሲራመድ መሬት የሚጠበው የሚመስል ዝንጀሮ ነው። አንድ ደረቅ ዋሻና አንድ ሰፊ ረግረግ ነበረው። ገመሬ አንድ ቀን ወደ ሽመላዎች ሄደና እንዲህ አላቸው፦

«እናንተ ክንፍ አላችሁ፣ እኔ ዋሻ አለኝ። እህሉን ወደ ቆላ፣ ጨውን ወደ ደጋ አሻግሩልኝ። እኔ ዝናብ እንዳይነካው አስቀምጬ ለሁሉም አከፋፍላለሁ። እናንተም ከነልጆቻችሁ በረግረጌ እንደ ልባችሁ ብሉ።»

ሽመላዎቹ ተመካከሩና «እሺ፤ ግን ሦስት ነገር እንፈልጋለን» አሉ። «ስልቻው ከግማሹ አይለፍ። ተሻግረን ስንመለስ ክንፋችን እስኪበርድ እንረፍ። ጉም ሲወርድ አንበርም።»

«ይሄማ ምን ያጣላናል!» አለ ገመሬ። በዚሁ ተስማሙ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ መልካም ነበር። ሽመላዎቹ ጫኑ፣ ተሻገሩ፣ አረፉ። የደጋ እንስሳ ጨው ቀመሰ፤ የቆላ እንስሳ እህል ቀመሰ። ገመሬ ግን አንድ ዋሻ አልበቃ አለውና ሁለተኛ ያዘ። ሁለተኛው ሲሞላ ሦስተኛ ያዘ። ዋሻው ሲበዛ ራሱ መቆጣጠር ሰለቸውና አቶ ቀበሮን አዛዥ አድርጎ ሾመው።

አቶ ቀበሮ በተሾመ ሰሞን ስልቻውን እስከ አንገቱ ሞላው።

«ኧረ ልፈነዳ ነው!» ብሎ ጮኸ ስልቻ።

«አንተ ቆዳ ነህ፤ ትለጠጣለህ» አለው ቀበሮ።

አንዲት አሮጊት ሽመላ ነበረች፤ እማማ አንጓች ይሏታል። ገደሉን ከማንም በፊት የተሻገረች፣ ላባዋ ከጫፍ ከጫፉ የነጣ ናት። «እሺ፣ ስልቻው ይለጠጥ። የእኛ ክንፍስ?» አለችው።

«ክንፍም ልማድ ነው» አላት።

ጥቂት ሰነበተና ደግሞ እረፍታቸውን ወሰደ። ሽመላ ከቆላ ጨው ይዞ ሲደርስ፣ ስልቻውን አራግፎ እህል ይሞላና «ተመለስ!» ይላል።

«ትንሽ ልረፍ እንጂ፣ አቶ ቀበሮ።»

«በአየር ላይ ክንፍህን ዘርግተህ ስትንሳፈፍ ምን እያደረግክ ነው? ያ እረፍት አይደለም እንዴ?»

ሰማችሁ? አንድ ቀን እንኳ ከመሬት እግሩን ያላነሳ ቀበሮ ነው እንዲህ የሚለው!

በመጨረሻም የጉሙ ውል ቀረ።

አንድ ጧት ጉም ወረደ። ገደሉን ከአፍ እስከ አፉ ሞልቶ እንደ ጥጥ ተጠቀጠቀ። ያን ጧት ተራው የውድነሽ ነበር። ውድነሽ ተሻለ የሚባለው ሽመላ ሚስት ናት። ተሻለ ዝምተኛ ሽመላ ነው፤ ጎጇቸው ውስጥ ላባ ያላወጡ ጫጩቶች ነበሯቸው። ውድነሽ ከዋዜማው ጉዞ ትከሻዋ ገና አልበረደላትም።

«አቶ ቀበሮ፣ ዛሬ አልበርም። ክንፌን ብዘረጋ የክንፌ ጫፍ አልታየኝም» አለችው።

«የምትበሪው ክንፍሽን ለማየት ነው እንዴ?»

«ማዶ ያለው ቋጥኝ ካልታየኝ እጋጨዋለሁ።»

«መንገዱን ከልጅነትሽ ጀምረሽ ታውቂዋለሽ። ደግሞ ስሚ፤ ካልበረርሽ ረግረጉ ላይ እንዳላይሽ። ጫጩቶችሽም ሌላ ረግረግ ይፈልጉ።»

ውድነሽ ዞር ብላ ጎጆዋን አየች። ከዚያ ስልቻውን አነሳች።

«ተይ እህቴ፣ እኔ እከብድሻለሁ» አላት ስልቻ።

«የከበደኝ አንተ አይደለህም» አለችውና ወደ ጉሙ ገባች።

አልወጣችም።

ጉሙ ሲገለጥ ከቋጥኙ ሥር ተኝታ አገኟት። ተሻለ አጠገቧ አርፎ ላባዋን በመንቆሩ ያስተካክል ጀመር። አንድ በአንድ ያስተካክላል፤ ማንም ቢጠራው አይሰማም። እማማ አንጓች ደግሞ ሌሎቹን ይዛ ወደ ገመሬ ሄደች። ገመሬ ከዋሻው ደጅ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። የሆነውን ነገሩት። ሰማ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ምን ብሎ ጠየቀ መሰላችሁ?

«እህሉስ? ፈሰሰ ወይስ ተረፈ?»

ሽመላዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ተመልሰው ሄዱና ከረግረጉ ዳር ካለው ዋርካ ላይ ተሰበሰቡ። «ከእንግዲህ አንድ በአንድ አንለምንም» ተባባሉ። «በአንድ አፍ እንጠይቅ» ብለው እማማ አንጓችን መረጡ። አዲስ ነገር ለመጠየቅ አልነበረም። ስልቻው ከግማሽ አይለፍ፤ እረፍት ይኑር፤ ጉም ሲወርድ ይብረር አይብረር የሚለውን በራሪው ይወስን። ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ደረሰ። ገመሬ ጥላው ሥር ተቀመጠ፤ ሽመላዎቹን ፀሐይ ላይ አቆማቸው።

«እናንተ እኮ ልጆቼ ናችሁ» አላቸው በለስላሳ ድምፅ። «ልጅ ከአባቱ ጋር ውል ውል ይላል? አይከፋም?»

«ጌታው፣ አባት ልጁ ወድቃ ሞተች ሲሉት ስለ እህል አይጠይቅም» አለች እማማ አንጓች።

ገመሬ ፊቱ ተቀያየረ። «ክረምቱ ይውጣና እንነጋገራለን» ብሎ ተነሳ። ክረምቱ እስኪወጣ ሽመላዎቹ እስከ አንገቱ የሞላ ስልቻ ጫኑ።

ክረምቱ ወጣ። በሁለተኛው ቀጠሮ ገመሬ ቀረና ቀበሮ ብቻውን መጣ።

«ጌታው አልተመቻቸውም። እኔ እሰማችኋለሁ» አለ።

«መወሰን ትችላለህ?» አለችው እማማ አንጓች።

«አልችልም።»

«ታዲያ ምን ትሠራለህ?»

«እሰማለሁ።»

ተናገሩ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተናገሩ። ቀበሮም ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል፤ የተስማማ መስሏቸው ነበር፤ ለካ አንቀላፍቷል! ሲነቃ «አጨዳው ይለፍና እንነጋገራለን» አላቸው። አጨዳው እስኪያልፍ ሽመላዎቹ ያለ እረፍት ተመላለሱ።

አጨዳው አለፈ። በሦስተኛው ቀጠሮ ገመሬ ራሱ መጣ፤ ነፋስንም ምስክር አድርጎ አስጠራው።

«እናንተ ሸክም ሸክም ትላላችሁ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ሸክሙን የሚሸከመው ግን ነፋስ ነው። እናንተ ክንፍ ከመዘርጋት ሌላ ምን ትሠራላችሁ? በል ነፋስ፣ እውነቱን ንገራቸው!»

ነፋስ ዋርካውን ዞረው፤ ቅጠሉን አወዛወዘው።

«እኔ አላፊ ነኝ» አለ። «አቧራም አነሳለሁ፣ ገለባም አነሳለሁ፤ ወዴት እንደምጥለው ግን አላውቅም። አንድ ስልቻ እህል አንስቼ ከማንም ደጅ አድርሼ አላውቅም። ከጠየቅኸኝ አይቀር ደግሞ ልንገርህ። ጉም የሚተኛው እኔ ስተኛ ነው። ያቺ ሴት በወደቀችበት ጧት እኔ አልነበርኩም። ብቻዋን ነበረች።»

ይህን ብሎ ሄደ። ገመሬም ተቆጥቶ «ስብሰባው አልቋል! የሚበር ይብረር፤ የማይበር ረግረጌን ይልቀቅ!» አለ።

ሽመላዎቹ እንደገና ዋርካው ላይ ተሰበሰቡ። አንዱ ይጮሃል፣ አንዷ ታለቅሳለች። እማማ አንጓች ጸጥ እስኪሉ ጠበቀች።

«ሦስት ጊዜ ጠየቅን፣ ሦስት ጊዜ መለሱን» አለች። «እኔ ከእንግዲህ የቀረን አንድ ነገር ይመስለኛል። አዲሷ ጨረቃ ስትወጣ ክንፋችንን እንሰብስብ። ውላችን እስኪከበር ማንም አይጫን። የተስማማ አንድ እግሩን ያንሳ።»

በሽመላዎች ዘንድ ሲስማሙ አንድ እግር ማንሳት ነው ወጉ። ወዲያው ብዙ እግር ተነሳ። ያላነሱም ነበሩ። ካላነሱት አንዱ ተሻለ ነበር።

«ተሻለ፣ አንተ?» አሉት ተገርመው።

«እኔ ጫጩቶች አሉኝ» አለ ተሻለ ቀስ ብሎ። «እናታቸው የሞተችው ይህ ረግረግ እንዳይቀርባቸው ብላ ነው። ዛሬ ረግረጉን ባስነጥቃቸው ምን እላቸዋለሁ? ደግሞም ልደብቃችሁ አልፈልግም። ቀበሮ ዛሬ መጥቶ፣ ሽመላዎቹን አረጋጋልኝና በእማማ አንጓች ቦታ አለቃ ትሆናለህ፤ ለጫጩቶችህም አሣ የሚበዛበት ዳር ይሰጣቸዋል ብሎኛል። እሺም እምቢም አላልኩትም። ሳስበው ነው የዋልኩት።»

አንዱ ወጣት ሽመላ «ከሃዲ!» ብሎ ጮኸበት።

«ዝም በል!» አለችው እማማ አንጓች። «እሱ የከፈለውን አንተ አልከፈልክም። ያስብበት።»

ይህን ሲባባሉ እመት ድኩላ እያለከለከች መጣች። የደጋ ድኩላ ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እናንተ ጨካኞች!» አለቻቸው። «ልጄ ጨው አጥቶ ጉልበቱ ከድቶታል፤ መቆም አቅቶታል። ሽመላዎች ጨው አናመጣም ብለው አድመዋል ብሎ ቀበሮ ለአገሩ ሁሉ ነገረ። የእኔ ልጅ ምን በደላችሁ?»

ሽመላዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዳንዱ ያነሳውን እግር ቀስ ብሎ መለሰ። እማማ አንጓች ግን ከቅርንጫፏ ወርዳ አጠገቧ ቆመች።

«እመት ድኩላ፣ እኛ እስካሁን አንድ ቀን አላቆምንም። ትናንት ጨው አምጥተናል። ዛሬ ጧትም አምጥተናል። ደረሰሽ?»

«አልደረሰኝም።»

«ጎረቤትሽስ ደርሷታል?»

«እሷም አላገኘችም።»

«ታዲያ በትከሻችን ያመጣነው ጨው የት ገባ?»

እመት ድኩላ ወደ ዋሻዎቹ ዞር ብላ አየች።

«እኔ ስለ ነገርኩሽ ብቻ አትመኚኝ» አለች እማማ አንጓች። «አንቺ አፍንጫ አለሽ። ሂጂና የገመሬን ዋሻዎች ደጅ አሽትቺ።»

እመት ድኩላ ሄደች። የመጀመሪያውን ዋሻ አሸተተች፤ ጨው። ሁለተኛውን አሸተተች፤ ጨው። ሦስተኛውን አሸተተች፤ እስከ ጣሪያው ጨው! ጨው ባነሰ ቁጥር ለማኙ ይበዛል፤ ለማኙ በበዛ ቁጥር ገመሬ ይተልቃል። ነገሩ ይህ ነበር። የሚጠብቃት ልጅ ቤት ተኝቶ፣ ጨው ከአፍንጫዋ ሥር ሞልቶ፣ እሷ ለካ ልትሳደብ የሄደችው ተሸካሚዎቹን ነው!

ወደ ዋርካው ስትመለስ አላለቀሰችም። «ይቅር በሉኝ» አለች። «የምቆጣበትን ተሳስቼ ነበር። እኔም ከእንግዲህ የምቆመው ዋሻው ደጅ ነው።»

ተሻለ ይህን ሰማ። ወደ ጎጆው አየ፤ ወደ ቋጥኙም አየ። «ጫጩቶቼ ነገ ያድጋሉ» አለ። «ሲያድጉ ይኸው ስልቻ ይጫንባቸዋል። በጉም ውስጥ ግቡ ይባላሉ።» ከዚያ አንድ እግሩን አነሳ። ሌሎቹም ተከተሉት። በሁለት እግሩ የቆመ ሽመላ አልቀረም።

አዲሷ ጨረቃ ወጣች። ሽመላዎቹ ክንፋቸውን ሰበሰቡ።

ገመሬ በመጀመሪያ ሳቀ። «ወፍ ሞልቷል!» አለና ቁራዎችን አስጠራ። ቁራዎቹ እየተንጫጩ መጡ፤ ተጋግዘው አንድ ስልቻ አነሱ። ገደሉ መሐል ሲደርሱ «አንተ ሳብ!»፣ «አንተ አትግፋኝ!» እየተባባሉ ተጣሉ፤ ስልቻውንም ለቀቁት። ስልቻው እየወደቀ «እኔ ድሮስ ተናግሬ ነበር!» ሲል ተሰማ። ቁራዎቹ ግን «ዕቃው ደርሷል!» ብለው እየጮሁ ወደየዛፋቸው ሄዱ።

ገመሬ ቀጥሎ ረግረጉን ሊዘጋ ተነሳ። ግን ከዋሻው ደጅ እግሩን ቢያወጣ ማን ተሰልፎ ጠበቀው? የደጋ እንስሳ ሁሉ! ከፊት እመት ድኩላ ናት።

«ያስራቧችሁ ሽመላዎች ናቸው!» ብሎ ጮኸ።

«ጌታው፣ አሽትቻለሁ» አለች እመት ድኩላ። «ይክፈቱ።»

ቀበሮ በጎን ሾልኮ ሊሄድ ሲል ከርከሮ መንገዱን ዘጋበት። ገመሬ ግራ ቀኙን አየ። መውጫ አልነበረም። ከፈተ። ያን ዕለት የእመት ድኩላ ልጅ ጨው ላሰ። የላሰ ሁሉ ተመስገን ብሎ ሄደ እንጂ ዝንጀሮውን የነካው የለም።

የደጋ እንስሳ ጨው ካገኘ በኋላ የቆላ ነገር አሳሰበው፤ እዚያ ማዶ እህል የሚጠብቅ ሕፃን አለ። እመት ድኩላ ከየጎረቤቷ እህል ሰበሰበችና ለሽመላዎቹ ራሷ አመጣችላቸው። ሽመላዎቹም ተመካከሩ። «ያቆምነው የገመሬን ጭነት ነው፤ ለተራበ ልጅ እህል ማድረስ አላቆምንም» ተባባሉ። በግማሽ ስልቻ ጫኑ። ጉሙ እስኪገለጥ ጠበቁ። ሲደክማቸው አረፉ። እህሉም ደረሰ። አንድም ሽመላ አልወደቀም።

ገመሬ ይህን ከአፋፉ ላይ ሆኖ አየ። እህል ያለ እሱ ተሻገረ! ያን ጊዜ ነው የደነገጠው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊለምን በእግሩ ወርዶ፣ ጭቃ እየረገጠ፣ እስከ ዋርካው ድረስ መጣ። ወጣት ሽመላዎች «አንፈልገውም፣ ይመለስ!» አሉ። እማማ አንጓች ግን «ክረምት ሲመጣ ጨው በሜዳ ይሟሟል፤ ደረቅ ዋሻ ያስፈልገናል። እንስማው» አለች።

«የጠየቃችሁትን ሁሉ ተቀብያለሁ» አለ ገመሬ። «ስልቻው ግማሽ። እረፍት ክንፋችሁ እስኪበርድ። በጉም የሚወስነው በራሪው። ዋሻዎቹም ክፍት ይሁኑ።»

«መልካም» አለች እማማ አንጓች። «አንድ ነገር ቀርቷል። ውል ከማሰራችን በፊት፣ በጉም ውስጥ ያስገባሃትን በስሟ ጥራት።»

ልብ አላችሁ? ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረች ሽመላ፣ ያን ዕለት አንተ አለችው።

ገመሬ አፉን ከፈተ። ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮ መሬት መሬት አየ።

«ያቺ… ያቺ እህል የጫነችው…» አለ ገመሬ።

ስሟን አያውቀውም ነበር። ከልጅነቷ ጀምራ ስትጭንለት፣ ልጆቿን በደጁ ስታሳድግ፣ ስሟን አያውቀውም!

ተሻለ ከቅርንጫፉ ወረደና ከፊቱ ቆመ። «ውድነሽ ትባላለች» አለው።

«ውድነሽ» አለ ገመሬ።

«አልተሰማም።»

«ውድነሽ!»

ተሻለ ሌላ ምንም አላለም። ወደ ጫጩቶቹ ሄደ፤ ርቧቸው ነበር። ውሉ ታሰረ፤ ሽመላዎቹም ሥራ ጀመሩ። ተሻለ ግን ለብዙ ጊዜ ከቋጥኙ አጠገብ ሲደርስ ዝቅ ብሎ ያልፍ ነበር። ውል ሚስት አይመልስም።

እንግዲህ ስሙኝ። ሌላው ተሸክሞላችሁ ሲበር፣ እናንተ መሬት ላይ ቆማችሁ «አይከብድም» አትበሉት። «ዛሬ ብበር እወድቃለሁ» ሲላችሁ እመኑት። ያልሰማችሁት እንደ ሆነ ደግሞ አንድ ቀን ክንፉን ይሰበስባል። ያን ጊዜ «ጨካኝ!» ብላችሁ ከመስደባችሁ በፊት ዋሻው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ።

እኔ ተናግሬ ጨረስኩ፤ እናንተ ሰምታችሁ ጀምሩ።